ለቅሶ የሚወጣው ኮምፒውተር

የመካኒሳው እድራችን ኮምፒውተር አንድ ፊደል እንኳ ሳይጻፍበት ብዙ ለቅሶ ደርሷል። ከሰፈራችን ሰው መሀል የእሱን ያህል ለቅሶ የማይቀር አልነበረም። ድንኳን ከተተከለ እሱ አለ። ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩና የቆርቆሮ ሳህኑ ከጋሪ ላይ ሲወርዱ እሱም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይወርዳል። እኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ኮምፒውተር ማለት ለቅሶ ቤት የሚቀመጥ እቃ ይመስለኝ ነበር። መምህራችን አንድ ቀን «ኮምፒውተር መቼ መቼ ያስፈልጋል?» ብላ ስትጠይቅ እጄን አውጥቼ «ሰው ሲሞት» ብዬ መለስኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልታየኝም።

ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ዘጠና ነው። ከአባላቱ አንዱ በጥበቃነት የሚሠራበት ድርጅት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሲቀይር አንዱን ለእድራችን ሰጠ። ከማሽኑ ጋር አንድ ካርቶን ዲስኬት አብሮ መጣ። ዲስኬት ማለት መዳፍ የሚያህል፣ ጫፉ ላይ ተንሸራታች ብረት ያለው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው። ያኔ ዊንዶውስ በዐሥራ ሦስት ዲስኬት ተከፋፍሎ ነበር የሚመጣው፤ ማሽኑ አንዱን አንብቦ ሲጨርስ ቀጣዩን ይጠይቃል።

የእድሩ ጸሐፊ አቶ ክብረት ካርቶኑን አገላብጦ አየና ፊቱን አጨፈገገ። «ዘጠና አምስት ይላል» አለ። «እኛ ገና ዘጠና ላይ ነን። አምስት ዓመት ቀድሞ የመጣ እቃ እንዴት ብሎ ይሠራል?»

ሰዎቹ አሰቡበት። ወንድሜ ሚሳኤል የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አስረዳ።

«እንደዚያ ከሆነ ደግሞ አርጅቷል» አለ አቶ ክብረት።

አባቴ አቶ ማሞ የእድሩ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር፤ እቃ ቤቱም እኛ ግቢ ውስጥ ነው። የእድር እቃ ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ሲዞር እንዳይጠፋ በቀይ ቀለም ምልክት ይደረግበታል። አባቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ኮምፒውተሩ በመጣ ማግስት ጣሳና ብሩሹን ይዞ ተቀመጠና ሲፒዩውን፣ ሞኒተሩን፣ ኪቦርዱን፣ የማውሱን ሆድ ሳይቀር ቀባ። ከዚያ ዲስኬቶቹን ፀሐይ ላይ ደርድሮ እነሱንም አንድ በአንድ ቀባቸው። እጁ ቀለም ላይ አይሰስትም።

«ሳህን እንኳ ምልክት ካልተደረገበት ጎረቤት ይቀራል» አለኝ ብሩሹን እየነከረ። «ይሄ ከሳህን ያንሳል እንዴ?»

አያንስም አልኩት።

ማሽኑን ማን ያስነሳው የሚል ጥያቄ ሲመጣ አባቴ ኮሚቴው ፊት ቆሞ «ልጄ አለ» አለ። ሚሳኤል የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆንለት ብሎ ቤት ከዋለ በኋላ ፒያሳ አጭር የኮምፒውተር ኮርስ ወስዶ ነበር። ኮሚቴውም ወሰነ። ከጥምቀት በኋላ በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ አባላቱ ፊት ከሠራ ሚሳኤል የእድሩ ሠራተኛ ሆኖ ይቀጠራል፤ ካልሠራ ኮምፒውተሩ ይሸጣል። አባቴ ደግሞ ራት ላይ የራሱን ውሳኔ ጨመረበት።

«ካልሆነልህ አጎትህ ጋ ሻኪሶ ትወርዳለህ። ወርቅ ቁፋሮ ዲስኬት አይፈልግም።»

ሚሳኤል እንጀራውን መጉረስ አቆመ። እኔም አቆምኩ። ስለ ሻኪሶ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአጎቴ ባልንጀራ ጉድጓድ ተንዶበት እዚያው ቀርቷል። ሚሳኤል ደግሞ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የሚተኛ፣ ሒሳብ የሚያሳየኝ፣ እናቴ ስትቆጣኝ ከኋላው የሚደብቀኝ ወንድሜ ነው። ሻኪሶ ከወረደ አይመለስም ብዬ ቆረጥኩ።

መጀመሪያ እቃ ቤቱ ውስጥ፣ በድንኳኑና በድስቶቹ መሀል ሞከረው። ማሽኑ ግር ግር እያለ ዲስኬት ይውጣል፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ይሞላል። ዐሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ ግን ጉሮሮው ላይ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው ይንተፋተፍና ቀጥ ይላል። ሚሳኤል አውጥቶ እፍ ይልበታል፣ ይመልሰዋል። ያው ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

በዚህ መሀል ጫማ ሰፊው አቶ እንግዳ ሞቱ። ማለዳ የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ የእድሩ ሊቀመንበር ሃምሳ አለቃ ጉተማ ግቢያችን ደርሰው ነበር። ሃምሳ አለቃ የዚያው አገር ተወላጅ ናቸው፤ አባታቸው በሬ የጠመዱበት መሬት ላይ ዛሬ የእኛ ሰፈር ቆሟል። ውትድርና ኖረው ከተመለሱ በኋላም ካፖርታቸውንና ሕግ ማክበራቸውን አላወለቁም።

«አንቀጽ ሰባት» አሉ። «የእድሩ ንብረት በሙሉ ሐዘን ለደረሰበት አባል ይወጣል።»

«ኮምፒውተሩም?» አለ አባቴ።

«ምልክት አለበት?»

«አለበት። እኔው ነኝ የቀባሁት።»

«እንግዲያው ይወጣል።»

በዚያች ቀን ሃምሳ አለቃን ጠላኋቸው። ወንድሜ ሥራውን እንዳይጨርስ ሆን ብለው የሚያውኩት መሰለኝ።

ድንኳን ውስጥ ከሐዘንተኛው ቤት የኤሌክትሪክ ገመድ ተስቦ ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሚሳኤል ሲያበራው ያለማቋረጥ ረጅም ረጅም ድምፅ ያሰማ ጀመር። ሴቶቹ ልቅሷቸውን አቋርጠው አዩት። የሰፈሩ ትልቅ ሴት እማማ አማከለች ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እሱ እንኳ አቅሙ የፈቀደውን ያለቅሳል» አሉ። «የእንግዳ ልጆች ግን እዩዋቸው፣ ዓይናቸው ደረቅ ነው።»

ልጆቹ አፍረው ማልቀስ ጀመሩ።

ዛሬ አንድ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ያ ድምፅ ሜሞሪው ከቦታው ሲላቀቅ የሚሰማ እንደሆነ አውቃለሁ። በመካኒሳ ኮረኮንች ላይ በጋሪ የሄደ ሜሞሪ ካልተላቀቀ ነው የሚገርመው። ሚሳኤልም ያውቅ ነበር። ክዳኑን ይከፍትና ከቦርሳዬ ላጲሴን ወስዶ የሜሞሪውን ጥርስ ይፈገፍጋል፣ መልሶ ይሰካዋል፣ ለቅሶው ይቆማል። እኔ ግን ወንድሜ ኮምፒውተሩን እያባበለው ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ ሰማያዊው መስመር ይጀምራል። ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች ካርታቸውን አስቀምጠው ያዩታል። «ስንት ገባ?» ይላል አንዱ። «ከመቶ ስልሳ» ይላል ሌላው። ለሟቹ ጸሎት የሚያደርጉት ቄስ እንኳ ሰረቅ አድርገው ያያሉ። እኔ ደግሞ ለብቻዬ የተገለጠልኝ ነገር ነበር፤ መስመሩ የሟቹ ነፍስ ወደ ሰማይ የምትሄድበት መንገድ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሰው ሲሞት ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ መንገዱን ይቆጥራል። አቶ እንግዳ ሰማንያ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ቆመው ይሆን እያልኩ ሳስብ አደርኩ፤ ጫማዬን በነጻ የሰፉልኝ ሰው ናቸው።

ከእሳቸው በኋላ የሞቱትም ያው ሆኑ። አንዱ በኅዳር፣ ሌላዋ በታኅሣሥ፣ ሁሉም ሰማንያ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። የእኛ እድር ሰው እዚያ ቦታ ላይ ተጠራቅሞ ተሰልፎ ይታየኝ ነበር። እናቴን «ሰማንያ ላይ ምን አለ?» ብዬ ስጠይቃት «ሰማንያ ምን?» አለችኝ። ትልልቅ ሰዎች የሚያውቁትን እንደሚደብቁ ያኔ ገባኝ።

አንድ ቀን እቃ ቤቱ ጀርባ ዶሮ ስፈልግ ሃምሳ አለቃና ሚሳኤል ሲያወሩ ሰማሁ።

«ቀለሙ ነው ጋሼ» ይላል ሚሳኤል። «ብረቱ ውስጥ ገብቶ ደርቋል። ይሄን አንዱን ሌላ ቦታ ካላገኘሁ አይሆንም። አባዬ ከሰማ ግን...»

«ቀለሙን የቀባው ማነው?»

«እሱ ነዋ።»

«እንግዲያው ቀለም የሚባል ነገር የለም» አሉ ሃምሳ አለቃ። «መንገድ አንገጫገጨው እንላለን።»

የቀለም ጣሳ ጠፍቶ በአባቴ ሊያሳብቡ የሚመካከሩ መሰለኝ፤ በወንድሜም ጭምር ተቀየምኩ። ከዚያ ወዲህ ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር ሃምሳ አለቃ መጀመሪያ ሚሳኤልን ገለል አድርገው «ደረሰ?» ይሉታል። «አልደረሰም» ይላል። «እንግዲያው ይወጣል» ብለው ጋሪ ያስጠራሉ። አባቴ ያማርራል፣ አቶ ክብረት ይስቃል፣ ኮምፒውተሩ ይጫናል። አሁን ሳስበው በየለቅሶው ለወንድሜ አንድ ምክንያት ይሸልሙት ነበር። ልጅ ሆኜ ያየሁት ግን አንድ ግትር ሽማግሌ ብቻ ነው።

ጥምቀት አለፈ። ጉባኤው ሲቃረብ ሰው መሞት አቆመ። ኮርሱን የሰጠው የፒያሳው ሰውዬ ዲስኬቱን እገለብጥልሃለሁ ብሎት ነበር፤ ለሥራ ናዝሬት ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ሚሳኤል ከሳ። እናቴ ልብሱን አጥባ ለብቻ ስታጣጥፍ ሳይ ሻንጣ እያዘጋጀችለት እንደሆነ ገባኝ። አንድ ለቅሶ ቢገኝ ጉባኤው እንደሚራዘም ደግሞ አቶ ክብረት ሲናገር ሰምቻለሁ። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ እማማ አማከለች ጋ ጎራ ማለት ጀመርኩ።

«እማማ፣ ዛሬ እንዴት ዋሉ? ሳሉስ?»

«ተሻለኝ የኔ ልጅ።»

«ወገብዎትስ?»

«እሱም ተመስገን ነው።»

እያዘንኩ ወጣሁ። እሳቸው ግን ለእናቴ «ይቺ ልጅሽ የተባረከች ናት፣ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ እሷ መምጣት ከጀመረች ወዲህ ጤናዬ ተመለሰ» አሏት።

እሑድ ጉባኤው በእድሩ ግቢ ተሰበሰበ። ኮምፒውተሩ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አባቴ ከረባት አስሯል። አቶ ክብረት ተነስቶ «ቀጣዩ አጀንዳ የኮምፒውተሩ ጉዳይ ነው» ሲል ሃምሳ አለቃ ወደ ሚሳኤል ጎንበስ አሉ።

«ደረሰ?»

«አልደረሰም ጋሼ። ሰውዬው ነገ ነው የሚመለሰው።»

ሃምሳ አለቃ ቆባቸውን አወለቁ። ቆባቸውን ሲያወልቁ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ራሳቸው መሀሉ መላጣ ነው።

«ወገኖቼ» አሉ። «ጉባኤው እንዳይበተን ብዬ አምቄ ይዤው ነበር። ትናንት መርዶ ሰምቻለሁ። አጎቴ ጊምቢ ላይ አርፈዋል።»

ሚስታቸው ወይዘሮ ገላኔ ከሴቶቹ መሀል ቀና አሉ።

«የቱ አጎትህ?»

ሃምሳ አለቃ አዩዋቸው። ረጅም እይታ ነበር። «ሞልቱ ነዋ» አሉ። «አጎቴ ሞልቱ።»

ወይዘሮ ገላኔ ባላቸውን አዩ፣ ሚሳኤልን አዩ፣ የተሸፈነውን ኮምፒውተር አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና «ዋይ ሞልቱ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ሴቶቹ ተከተሉ።

«አጎት በደንቡ ይካተታል?» አለ አቶ ክብረት፣ በጩኸቱ መሀል።

«የአባት ወንድም ይካተታል» አለ አባቴ፣ እንባውን እየጠረገ። ከረባቱን ፈትቶ ጋሪ ሊጠራ ሮጠ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ሃምሳ አለቃ በር ላይ ድንኳን ተተከለ፣ ድስቱም ኮምፒውተሩም ወጡ። ለቀስተኛ ሲቀመጥ ስለ ሟቹ ማውራቱ አይቀርም። መጀመሪያ ላይ ሰዉ «ደግ ሰው ነበሩ አሉ» ብቻ ነበር የሚለው። ማታውን እማማ አማከለች ሟቹ አንድ ፋሲካ መጥተው ሳለ እንዳዩዋቸው አስታወሱ፤ ረጅም፣ ትንሽ የሚያነክሱ። በማግስቱ ግራ እግራቸው መሆኑ ታወቀ። ቡና እንደነበራቸው፣ ለድሃ እንደሚሰጡ፣ አንዲት ግንባረ ነጭ ቦራ በቅሎ እንደነበረቻቸው ተጨመረ። አቶ ክብረት ሳይቀር አንድ ጊዜ በመሬት ጉዳይ እንደተከራከራቸው ተናገረ።

«ማን ረታ?» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ ከልባቸው ለማወቅ ፈልገው።

«እሳቸው ናቸው የረቱት። ነፍሳቸውን ይማርና ነገር አዋቂ ነበሩ።»

ሃምሳ አለቃ አንገታቸውን ደፉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያየ ሁሉ አዘነላቸው። ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው አባቴ ነው። አንድ ቀን እንኳ ያላያቸውን ሰው እንደ ወንድሙ አለቀሳቸው።

ማክሰኞ ጠዋት፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሚሳኤል ከፒያሳ እየሮጠ መጣ። ለሁለት ሌሊት አልተኛም። ላጲሴን ወሰደ፣ ሜሞሪውን ፈገፈገ፣ ዲስኬቶቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ ማጉረስ ያዘ። ዐሥራ አንደኛው ሲደርስ ከደረት ኪሱ ቀለም ያልነካው ዲስኬት አውጥቶ ከተተ። ማሽኑ ግር አለ። ሰማንያን አለፈ። ካርታው ቆመ። ዘጠና አለ። እኔ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነበር። መቶ ሞላና ስክሪኑ ጠፋ፤ ጨለማ ሆነ። ከዚያ ሰማይ መጣ።

ዊንዶውስ ዘጠና አምስትን ያስነሳ ሰው ያውቀዋል። ሲነሳ የሚታየው ሰማያዊ ሰማይና ነጭ ደመና ነው። ያኔ ግን ማን ነግሮኝ? አጎት ሞልቱ ገቡ ብዬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘልዬ ቆምኩ።

«ጋሼ ሞልቱ ደረሱ! ሰማይ ደረሱ!»

አንዳንዱ አማተበ። እማማ አማከለች «የደግ ሰው ነገር» አሉ። ወይዘሮ ገላኔ ነጠላቸው ውስጥ ተደብቀው ተንፈቀፈቁ፤ የልቅሶ ነው ብዬ እጃቸውን ያዝኩላቸው። አባቴ ሚሳኤልን አንገቱን አቅፎ ለድንኳኑ ሁሉ «ልጄ ነው» ይል ነበር። በዚያን ቀን እድራችን ውስጥ ካለፉት ሁሉ ሰማይ የገባ እሳቸው ብቻ መሆናቸውን እርግጠኛ ነበርኩ። ያልተወለደ ሰው መሆናቸውን ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

ሚሳኤል ቤት ሄዶ እንደ ግንድ ተጋደመ። ለሠልስቱ ጸሎት ቄሱ ሲመጡ እሱ አልነበረም። መስቀላቸውን አውጥተው «የክርስትና ስማቸው ማነው?» አሉ።

ሃምሳ አለቃ ለዚህ አልተዘጋጁም ነበር። ቄሱ ጠበቁ። ሃምሳ አለቃ ወደ መሬት እያዩ «ወልደ ሰማዕት» አሉ።

ወይዘሮ ገላኔ የያዙት ሳህን ከእጃቸው ወደቀ። ከድንኳኑ ወጡና አጥር ሥር ተቀምጠው አለቀሱ። እስከዚያ ሰዓት ካለቀሱት ጋር አይመሳሰልም፤ ድምፅ አልነበረውም። ልጅ ብሆንም ልዩነቱ ገብቶኝ ፈራሁ፣ ግን ምክንያቱን አላወቅኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ስጸልይ «ወልደ ሰማዕት ሆይ፣ ሰማንያ ላይ የቆሙትን እነ አቶ እንግዳን እለፉ በሏቸው» እል ነበር። ለዓመታት እንዲህ አልኩ።

ሚሳኤል የእድሩ ሠራተኛ ሆነ፤ ኋላም ጎፋ የራሱን የኮምፒውተር ሱቅ ከፈተ። ሻኪሶ ሳይወርድ ቀረ። ሃምሳ አለቃ ያረፉት እኔ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆመን ፍትሐቱ ሲደገም፣ ከግዕዙ መሀል «ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሰማዕት» የሚል ሰማሁ። የክርስትና ስም ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሰው ሲሞት ነው። እኔ ግን ይህን ስም ልጅነቴን ሙሉ ጠርቼዋለሁ። ወደ ሴቶቹ ዞርኩ። ወይዘሮ ገላኔ ክንዴን ያዙ።

«የማንን ስም ይስጥ?» አሉኝ በጆሮዬ። «የሌላ ሰው ስም ቢጠራ፣ ያ ሰውዬ የትም ይኑር፣ በሕይወቱ ሳለ የሙት ጸሎት ሊደገምበት ነው። አልሆነለትም። የራሱን ሰጠ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በዚያች ቀን ‹ዛሬ ነው የምሞተው› እያለ ልብሱን ለብሶ ይቀመጥ ነበር።»

ሰው ለወንድሜ ይህን ያህል እንደተቸገረለት ሳላውቅ መኖሬ አንገበገበኝ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ለሚሳኤል ነገርኩት። አባቴ አርጅቶ ጆሮው ስለደከመ ከኋላ ተቀምጦ በመስኮት ያያል። ሚሳኤል ዳር ይዞ አቆመ፣ መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ፣ ለረጅም ጊዜ አልቀና አለ።

አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ስለ ቀለሙ እስከ ዛሬ የነገረው የለም።

«አይዞህ ልጄ» አለ። «ጉተማ ደግ ሰው ነበር። ዘር ነው እኮ። አጎቱ ሞልቱም እንደዚሁ ነበሩ።»

«አዎ አባዬ» አለ ሚሳኤል፣ ሞተሩን እያስነሳ። «ዘር ነው።»